እንባ የማይለምን መጽሐፍ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ልጅ እያለሁ ልብ ወለድ ከእጄ አይጠፋም ነበር። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ግን የማነበው ስለ አመራርና ስለ ስኬት ብቻ ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ሞተ። ሁሉን ነገር ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ። ስልክ ደወልኩ፣ ወረቀት ፈረምኩ፣ ሰው ተቀበልኩ። ሰው ሁሉ ‹ጠንካራ ነሽ› አለኝ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ ግን ውስጤ አንድ በር የተዘጋ ይመስለኛል።

ወደ ንባብ ልመለስ ብዬ ስሜት የሚነካ መጽሐፍ ሰው ጠየቅኩ። ‹ይሄን አንብቢ፣ ታለቅሻለሽ› የተባልኩትን አራት ልብ ወለድ ገዛሁ። አንዱም አልነካኝም። እንዲያውም አናደዱኝ። አንድ የትውስታ መጽሐፍም ጀምሬ ነበር። የሰው ገመና በበር ቀዳዳ የማይ መሰለኝና ዘጋሁት። ባለቤቴ ደግሞ ‹ልብ ወለድ የፈጠራ ወሬ ነው፣ ጊዜሽን አታጥፊ› ይለኛል። ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከመጽሐፎቹ? እንዴትስ ልምረጥ? አባቴ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በጣም ይወድ ነበር። የእሱ ቅጂ እኔ ጋ ነው። አንድ ገጽ ጥጉ ታጥፏል። እስካሁን አልከፈትኩትም።»

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሁሉን ነገር ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ» ያልሽው ላይ ብዙ ቆየሁ። እዚያ ውስጥ ስልኩ አለ፣ ወረቀቱ አለ፣ ሰዉ አለ። አባትሽ የሉም። ለእሳቸው የሚሆን ደቂቃ አላገኘሽም ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም «ጠንካራ ነሽ» ሲልሽ፣ ቃሉ ምስጋና ቢሆንም በሩን ከውጭ ቆልፎብሻል ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄሽን ልመልስ። ችግሩ ካንቺ አይደለም። መጽሐፎቹም ሁሉ የማይረቡ ናቸው አልልም። የተመረጡበት መንገድ ነው የተሳሳተው። «ታለቅሻለሽ» የሚባልለት መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ልቅሶውን ራሱ ጨርሶት ነው የሚመጣው። ለአንባቢ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። እነዚህን ሁለት አንቀጾች አሁን እኔው ነኝ የጻፍኳቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦

«አባቷን ካጣች ወዲህ ዓለም ጨለመባት። ልቧ በሐዘን ተሰበረ። እንባዋ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። ያለ እሱ መኖር እንደማትችል ተረዳች።»

ሌላው ደግሞ እንዲህ፦

«በሦስተኛው ሳምንት የአባቷን መነጽር ከመሳቢያ አወጣች። በግራው መስታወት ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ልትጠርገው ጨርቅ አነሳች። ትንሽ ቆየች። ጨርቁን አጣጥፋ መልሳ ከተተችው።»

የመጀመሪያው ሁሉን ነገር ነገረሽ። ጨለመ፣ ተሰበረ፣ ጎረፈ። አንቺ ምን ቀረሽ? መስማማት ብቻ። ሁለተኛው «ሐዘን» የሚል ቃል እንኳ የለውም። ጨርቁን ለምን እንደመለሰችው የገባሽ ግን ማንም ሳይነግርሽ ነው። ያንን የተረዳሽው በራስሽ ሐዘን ነው። ስሜቱ ካንቺ ወጣ እንጂ ከወረቀቱ አልመጣም።

እኔ ስሜት የሚነካ መጽሐፍ የምለው ይህን ነው። ምን እንደሚሰማሽ አይነግርሽም። ቦታውን ትቶልሽ ዞር ይላል። አራቱ ልብ ወለዶች ያናደዱሽ ለዚህ ይመስለኛል። ያለቅሱልሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ የራስሽ ልቅሶ አለሽ።

አሁን ስለ አንድ ልብ ወለድ ላውራሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ እሱ ነው። ካዙኦ ኢሺጉሮ የጻፈው ነው። በእንግሊዝኛ «ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ የቡከር ሽልማትንም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። ተራኪው ስቲቨንስ ይባላል። በአንድ የእንግሊዝ ጌታ ቤት የአስተናጋጆቹ ሁሉ አለቃ ነው። አባቱም በዚያው ሙያ ያረጀ ሰው ነው። በስተርጅና ልጁ በሚያዝበት በዚያው ቤት ተቀጥሮ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1923 በዚያ ቤት ትልቅ ስብሰባ ይደረጋል። ከየአገሩ የመጡ ሹማምንት አሉ። ስቲቨንስ ታች አዳራሽ እንግዳ ያስተናግዳል። አባቱ ፎቅ ላይ እያጣጣረ ነው። አንድ ፈረንሳዊ እንግዳ እግሩ ቆስሎበት ይነጫነጫል። ስቲቨንስ በአባቱ አልጋና በእንግዳው እግር መካከል ይመላለሳል። አባቱ ያርፋል። ለአባቱ የተጠራው ሐኪም ሲመጣ ስቲቨንስ ምን ያደርጋል መሰለሽ? የእንግዳውን እግር እንዲያይለት ይጠይቀዋል።

በዚህ ሁሉ መሃል ስቲቨንስ «አዘንኩ» አይልም። አንድ ጊዜም አይልም። ብቻ አንድ ወጣት እንግዳ ደህና መሆኑን ይጠይቀዋል። ቀጥሎ ጌታው ራሱ «የምታለቅስ ትመስላለህ» ይለዋል። ስቲቨንስ ፊቱን ጠረግ ያደርግና ሥራ ስለበዛበት እንደሆነ ይመልሳል። እኛ ማልቀሱን የምናውቀው ከሌላ ሰው አፍ ነው። እሱ ራሱ የሚያውቅ አይመስልም።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ አይቻለሁ። አላለቀስኩም። ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ላላ ሲልልኝ ይታወቀኝ ነበር።

አየሽ፣ ይህ ልብ ወለድ ስለ አባት ሞት አይደለም። የአባትየው ነገር ጥቂት ገጾች ነው የሚይዘው። መጽሐፉ ስለ ሥራ፣ ስለ ክብር፣ በጊዜው ሳይነገር ስለቀረ ፍቅር ነው። ሞቱ በጎን በር ነው የሚገባው። ለዚህም ነው ላንቺ ያሰብኩት። እንዲህ የምለው ከራሴ ስለማውቀው ነው። ታላቅ ወንድሜን ያጣሁ ሰሞን አንድ ወዳጄ ወንድሙን ስላጣ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ሰጠኝ። በቅን ልብ ነው። ሃያ ገጽ አልዘለቅኩም። በየመስመሩ «የኔ እንዲህ አልነበረም»፣ «ይሄስ ልክ ነው» እያልኩ ሳመሳክር ቆየሁ። ሳስተያይ ማንበቡን ረሳሁት። የራስን ቁስል ፊት ለፊት የሚነካ መጽሐፍ አንዳንዴ ያስደነግጣል። ሰው ደግሞ ሲደነግጥ ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሐዘንሽን ጎረቤት ምረጪ። የሐዘንሽን መንትያ ለኋላ አቆይው።

የኔ ጎረቤት የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ አጭር ታሪክ ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ኢቫን ኢሊች ዳኛ ነው። መሞቱ ሲሰማ ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለሚለቀው ወንበርና ስለ ሹመት ነው። ቶልስቶይ ይህን ሲጽፍ አይሳደብም፣ አይገረምም። እንዲህ አሰቡ ብሎ ያልፋል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰውየው እንዴት እንደታመመ ይተርካል። በሽተኛውን ከበሽታው በላይ የሚያሠቃየው የቤተሰቡ ማስመሰል ነው። ሁሉም እንደሚድን ሆኖ ያወራዋል። አንድ ጌራሲም የሚባል ገበሬ ወጣት አገልጋይ ብቻ አይዋሽም። ኢቫን እግሩ ከፍ ሲል ሕመሙ ይቀልለታል። ስለዚህ ጌራሲም ቁጭ ብሎ የሰውየውን እግር ትከሻው ላይ አድርጎ ያድራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ርኅራኄ ከተጻፉት ሁሉ እኔ የማልረሳው ይህን ትከሻ ነው። ወንድሜን ሳስታምም ምን እንዳደረግኩና ምን እንዳላደረግኩ የገባኝም እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ላይ እንዴት ትለዪዋለሽ? ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማሞካሻ እለፊው። «ልብ ሰባሪ»፣ «ከእጅ የማይጣል» የሚለው ለሁሉም ይጻፋል። የመጀመሪያውን ገጽም ብዙ አትመኚው፤ ደራሲ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ይጠበባል። መሃሉን ክፈቺ። አንድ ሙሉ ገጽ በዝግታ አንብቢ። የስሜት ስሞችን ቁጠሪ፦ ሐዘን፣ ናፍቆት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ፍቅር። አምስት ስድስት ጊዜ ካገኘሻቸውና እጅ፣ በር፣ ጫማ፣ ወንበር የሚል ነገር ካጣሽ፣ መልሰሽ አስቀምጪው። ገጹ ላይ የምትነኪው ነገር ካለ፣ ሰው አንድ ነገር እያደረገ ከሆነ፣ ለምን እንደሚያደርገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ካልተነገረሽ፣ ውሰጂው።

ሌላም አለ። በዚያ ገጽ ላይ ትንሽ ሰው ፈልጊ። ደብዳቤ ያመጣ ልጅ፣ በር የከፈተች ሴትዮ። ደራሲው ለእሷ አንድ የራሷ የሆነ ነገር ከሰጣት ለዋናዋ ገጸ ባሕርይም አይሰስትም። ሁሉም ጥቃቅን ሰዎች ዋናዋን ለማስለቀስ ብቻ የተፈጠሩ ከሆኑ ግን እመኚኝ፣ አራት ገዝተሽበታል፤ አምስተኛ አያስፈልግሽም።

ሰው ስትጠይቂም ጥያቄሽን ቀይሪው። «ስሜት የሚነካ መጽሐፍ ንገሩኝ» አትበዪ። «አንብበሽው ከቆየሽ በኋላም ዐይንሽ ላይ የቀረ አንድ ቦታ ንገሪኝ» በዪ። «ወይኔ፣ አለቀስኩበት» ብቻ ካለችሽ አመስግነሽ እለፊ። ዐይኗን ወደ ጎን አድርጋ «አንድ ቦታ ላይ ሰውየው ኮቱን…» ብላ ከጀመረች፣ ርዕሱን ጻፊው። የኔ ምርጥ መጽሐፎች ሁሉ የተገኙት እንዲህ ነው።

ሳቅ ያለበትንም አትፍሪ። ሐዘን ላይ ሳለን እንኳ እንስቃለን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክር ብቻ የሚመታ መጽሐፍ ጆሮ ያደነዝዛል። ስሜት የሚንቀሳቀስበት መጽሐፍ ይሻላል፤ ንዴት ወደ ጸጸት፣ ጸጸት ወደ ፈገግታ፣ ፈገግታው መልሶ ወደ ዝምታ የሚሄድበት።

አሁን ወደ ትውስታ ልምጣ። በቀዳዳ የማይ መሰለኝ ያልሽው ትክክለኛ ስሜት ነው። ብዙ አንባቢ ይሰማዋል፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ግለ ታሪክ ከልደት ጀምሮ ሕይወትን በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ትውስታ ግን ከሕይወት አንዷን ቁራጭ ቆርጦ ያቺን አገላብጦ ያያል። ቁራጯን አገላብጦ ካላየና ዝም ብሎ ፊታችን ካፈሰሳት፣ አንባቢ ሊያየው የማይገባ ነገር ያየ ይመስለዋል። እና ልዩነቱን የሚያመጣው የገመናው ትልቅነት አይደለም። ጸሐፊው አስቦበታል ወይስ አፍስሶት ብቻ ሄዷል? እሱን እዪ።

አንድ ምልክት ልስጥሽ። ጸሐፊው በማን ላይ ይበረታል? በእናቱ፣ በቀድሞ ባለቤቱ፣ በአለቃው ላይ ብቻ ከሆነ ያ የክስ ማመልከቻ ነው። በራሱ ላይም ከበረታ፣ ያኔ የተሳሳተውን ዛሬ ካየ፣ ከጎኑ መቀመጥ ትችያለሽ። በቀዳዳ ማየትሽ ቀርቶ በር ተከፍቶልሽ ትገቢያለሽ።

የፈረንሳይዋ አኒ ኤርኖ ስለ አባቷ የጻፈችውን አንብቢ። «ላ ፕላስ» ይባላል፣ «ቦታ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። እሷም በ2022 የኖቤል ሽልማት አገኘች። አባቷ አነስተኛ ሱቅና ቡና ቤት የነበረው ሰው ነው። እሷ ተምራ አስተማሪ ሆነች። በተማረች ቁጥር ከአባቷ ራቀች። ከሞተ በኋላ መጀመሪያ ልብ ወለድ ልታደርገው ጀምራ ነበር፤ መሃሉ ላይ አስጠላትና ተወችው። እንደዚያ ያለ ሕይወት ጌጥ አይገባውም ብላ ወሰነች። ዱሮ ለወላጆቿ ደብዳቤ ስትጽፍ በምትጠቀምበት ደረቅ፣ ጌጥ የሌለው ቋንቋ ጻፈችው። ቀጭን መጽሐፍ ነው። የትም ቦታ ላይ «አባቴ ሆይ» ብላ አትጮኽም። ያፈረችበትን ታስታውሳለች፣ ያፈረችበትን ራሷን ደግሞ ትታዘባለች። አንቺም ከአባትሽ ጋር ያልተነጋገራችሁት ነገር ካለ (ከአባቱ ጋር ሁሉን የተነጋገረ ሰው አላውቅም) እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

ሌላዋ አሜሪካዊቷ ጆአን ዲዲየን ናት። ባሏ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 ማታ ራት ሊበሉ ተቀምጠው ሳለ በድንገት ሞተባት። በ2005 ያሳተመችው «ዘ ይር ኦቭ ማጂካል ቲንኪንግ» የዚያን ዓመት ሐሳቧን ነው የሚከታተለው። እሷንም «ጠንካራ» ብለዋታል፤ በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ረጋ ብላ የተገኘች ሴት ነበረች። ያንን እርጋታዋን ነው መጽሐፉ የሚመረምረው። ልብሱን ስትሰጥ ጫማው ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ጫማውን መስጠት አቃታት። ለምን ብላ ራሷን ስትጠይቅ፣ ሲመለስ ጫማ ያስፈልገዋል ብላ እያሰበች እንደሆነ ታገኘዋለች። የበሰለች፣ የተማረች ሴት ናት። መሞቱን ታውቃለች። ግን ጫማውን አትሰጥም። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ወንድሜ ስልክ ቁጥሩ እስካሁን ስልኬ ውስጥ ለምን እንዳለ ገባኝ።

ይህን መጽሐፍ ግን መጀመሪያ አትክፈቺው። መንትያ ነው። ሦስተኛ ወይ አራተኛ አድርጊው።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። ሲ. ኤስ. ሉዊስን ለልጆች በጻፋቸው የናርኒያ መጽሐፎች ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ስትሞት ሐዘኑን በደብተር እየጻፈ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ሲያሳትመው በራሱ ስም አላደረገውም፤ በብዕር ስም ነው ያወጣው። መጽሐፉ ጥሩ ስለነበር ወዳጆቹ ይጽናናበት ብለው ለራሱ ለሉዊስ ሰጡት። የጻፈው እሱ መሆኑን አላወቁም። በስሙ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ርዕሱ «ኤ ግሪፍ ኦብዘርቭድ» ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በንዴት የተሞላ ነው፤ ከፈጣሪ ጋር ይሟገታል። ወደ ኋላ ላይ ያለውን መልሶ ይጠይቃል፣ ያስተካክላል። ስሜቱ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሃይማኖተኛ ሆንሽም አልሆንሽም፣ አንድ ሰው ነገ የሚያርመውን ዛሬ በሐቅ ሲጽፍ ማየት ይጠቅማል።

ባለቤትሽ ላሉት ነገር ብዙ አልመልስም። ልብ ወለድ ፈጠራ መሆኑ እውነት ነው። «እውነተኛ ታሪክ» የሚል የተለጠፈበት ሁሉ ደግሞ እውነት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የተነበበ አንድ የሱስ ትውስታ ብዙ ቦታ ላይ የተፈጠረ መሆኑ ተጋልጦ፣ አሳታሚው ለገዢዎች ገንዘብ እስከ መመለስ ደርሷል። ስቲቨንስ የሚባል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። አባቱ እየሞተ እንግዳ ያስተናገደ ሰው ግን አለ። አንቺ አለሽ። ይህን ንገሪያቸው። ከተቻለ ከኢቫን ኢሊች የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ የሚቀጥል አይመስለኝም።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ይህን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ለሥራ የምታነቢው በእንግሊዝኛ ይመስለኛል። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን «አባዬ» ያልሽው በየትኛው ቋንቋ ነው? ሰው በተማረበት ቋንቋ ይረዳል፤ በተቆጡትና ባባበሉት ቋንቋ ግን ይነካል። እንደ ስቲቨንስ ያለ ስሜቱን ቀብሮ የሚያወራ ሰው በእንግሊዝኛ ቢነበብ አይከፋም፤ ርቀቱ ራሱ የመጽሐፉ አካል ነው። እናትና ልጅ የሚነጋገሩበት፣ ሰው የሚረገምበትና የሚመረቅበት መጽሐፍ ከሆነ ግን በአማርኛ የተጻፈ ወይም በደንብ የተተረጎመ ፈልጊ። ትርጉምን አትናቂ። ነቢይ መኮንን የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ፣ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ ነው። ወረቀት አልነበረውም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ብልጭልጭ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁራጮች። አብረውት የታሰሩት ሰዎች ስለ ሩቅ አገር ጦርነትና ፍቅር የሰሙት በራሳቸው ቋንቋ ነበር። ስለ ትርጉም ባሰብኩ ቁጥር እነዚያ ቁራጮች ናቸው ፊቴ የሚመጡት።

በደብዳቤ መልክ የተጻፉ ልብ ወለዶችም ላንቺ ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ። ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመችው አለ፤ በእንግሊዝኛ «ሶ ሎንግ ኤ ሌተር» ይባላል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ለልጅነት ጓደኛዋ የምትጽፈው አንድ ረጅም ደብዳቤ ነው። ባልየው ከመሞቱ በፊት ከልጁ ጓደኛ ጋር ሌላ ትዳር መሥርቶ ትቷታል። ስለዚህ ስታዝንለት መናደዷም አለ፣ መናደዷ ውስጥ ደግሞ ፍቅሩ አለ። እንዲህ የተቀላቀለ ሐዘን ነው እውነተኛው። አጭር ነው፤ አሁኑኑ ልትጀምሪው ትችያለሽ።

ንባቡን ስትጀምሪ ራስሽን አታስጨንቂ። ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንድ ደንብ አላት፦ 50 ገጽ አንብቢ፣ ካልያዘሽ ተዪው። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ቀንሶ በቀረው ልክ ያንብብ ትላለች። አንቺ ገና 50ውን ባለዕዳ ነሽ። ከዚያ በኋላ ያለ ይሉኝታ ዝጊው። የተዘጋ መጽሐፍ አይቀየምም። ደግሞ ዛሬ ያልነካሽ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊነካሽ ይችላል፤ እኔ ኤርኖን መጀመሪያ ሳነባት «ይሄ ምኑ ነው?» ብዬ ነበር የተውኳት።

እያነበብሽ «አሁን ላለቅስ ነው?» እያልሽ አትጠብቂ። እንባ ሲጠበቅ አይመጣም። ላይመጣም ይችላል። ስሜት ሌላም መልክ አለው። አንድ ገጽ ደግሞ ለማንበብ መመለስ፣ ድንገት ለእህት ስልክ መደወል፣ ያለ ምክንያት የቆየ ፎቶ ማውጣት። እነዚህን ካየሽ በሩ ገርበብ ብሏል። ይህም ሆኖ እንቅልፍ ከራቀሽ፣ ከሰው መሸሽ ከጀመርሽ ወይም ነገሩ ከከበደብሽ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂጂ። መጽሐፍ መልሶ አይጠይቅሽም፤ ባለሙያ ይጠይቅሻል።

የአባትሽ መጽሐፍ ቀረ። ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት።

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ሰው ሁሉ የሚያነሳው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙትም የሚያስታውሱት እሱን ነው። እኔን ግን በዕድሜ እየገፋሁ የሚይዘኝ መጀመሪያው ነው። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ። በብዙ ደጅ ጥናት ያገኙት አንድ ልጅ ነው። ሲታመምባቸው ይሙትብን ወይ ብለው በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡታል። ሳያገባ በድንግልና እንዲኖር ይሳላሉ። ልጁ ይተርፋል። ግን ያተረፈው ስለት ሲያድግ የሚያስረው ገመድ ይሆናል። ወላጆቹ ክፉ አይደሉም። ወደዱት፤ ከመውደዳቸው የተነሳ አሰሩት። ሐዲስ ማንንም አይከሱም። ሁሉንም እያዘኑላቸው ይተርካሉ። ወላጅ ያለው ሰው ሁሉ፣ ወላጅ የሆነም ሰው ሁሉ፣ እዚህ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ።

አባትሽ የትኛውን ገጽ እንዳጠፉት አላውቅም። ምናልባት ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ይሆናል፤ ምናልባት ዝም ብሎ እንቅልፍ የመጣባቸው ቦታ ነው። ሁለቱም ደህና ነው። አሁን አትክፈቺው። መጀመሪያ ኢሺጉሮን አንብቢ። ቀጥሎ ኤርኖን። ያኔ እጅሽ ራሱ ወደዚያ መደርደሪያ ከሄደ፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሪው። ከታጠፈው ጀምሪ። ያንን ገጽ እሳቸው ባነበቡበት ፍጥነት፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሽ። ያቺን ጥግ ግን አታቃኛት፤ እንደታጠፈች ትቆይ።